የትርሲት ዋስ

እንጅባራ፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ይኸነው፣

እንደምን ሰንብተዋል? እማማ ያለምወርቅስ ወገባቸውን ተሻላቸው? የነጩን ፈረስዎን ጤና አልጠይቅም፤ ደህና መሆኑን ከትናንት ወዲያ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሾፌሩ ዓለምነው ደብዳቤዎን ከአይሱዙው ጋቢና አውጥቶ ሰጠኝና እዚያው ስፌት ቤቱ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። «ከቤቴ ያለ ስንብት የወጣሽው በማን ፈቃድ ነው?» ይላል። ሌላ ነገር የለበትም። የልጅ ልጅዎ የትርሲት ስም እንኳ የለበትም። ስልክ እንደማይወዱ፣ በስልክ የተባለውን ሰው ይክደዋል እንደሚሉ አውቃለሁ። እንግዲያው እኔም መልሴን በወረቀት አደረግኩት።

ፈቃድ አልጠየቅኩም፤ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረኝም። በከተራ ዕለት ለበዓል የሰፋሁላትን ቀሚስ ይዤ ስደርስ፣ የአምስት ዓመት ልጄ መደብ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ አየር ለመሳብ ትከሻዋን ታነሳለች፣ ትጥላለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። ስሜን ለመጥራት እንኳ ትንፋሽ አልበቃትም። ሰማያዊዋን የትንፋሽ መድኃኒት ከከረጢቷ አውጥቼ ነፋሁላት፣ አዘልኳት፣ ወጣሁ። ባጃጅ እስካገኝ በእግሬ፣ ከአዲስ ቅዳም ወዲህ ደግሞ በአይሱዙው ያደረሰን ዓለምነው ባለበት ይባረክ። ሁለት ቀን ኦክስጅን ላይ ተኛች። ጥምቀትን ያከበርነው ሆስፒታል ነው።

አባቴ፣ ይህ ነገር አዲስ እንዳይመስልዎ ከሥሩ ላስታውስዎ። ባለፈው ክረምት ትንፋሿ ማፏጨት ሲጀምር ሁላችሁም ብርድ ነው አላችሁ። እርስዎም ከሁሉም ቤት ይሞቃል ብለው፣ ከሰል ከሚያከስሉበት ክምር አጠገብ ወዳለችው ጎጆዎ ወሰዷት። ሦስት ሳምንት አቅፈዋት አደሩ። ፍቅር መሆኑን አልካድኩም፤ ዛሬም አልክድም። በአካባቢው ከዚያች ጎጆ የሚሞቅ ቦታ የለም። ከዚያች ጎጆ የበለጠ ጭስ ያለበትም ቦታ የለም። ነሐሴ ላይ ልጄን ይዤ እንጅባራ የገባሁት ለዚህ ነበር፤ ያኔም ፈቃድ አልጠየቅኩም።

ሲስተር እመቤት መርምራ አስም ነው አለችኝ። ሁለት በአፍ የሚነፉ መድኃኒቶች ሰጠችን። ሰማያዊዋ ትንፋሽ ሲያጥራት ወዲያው የምታስተነፍሳት ናት። ቡናማዋ ግን ደህና ስትሆንም ሳትሆንም ጠዋትና ማታ የምትነፋ፣ በሽታው ሳይነሳ የምታስቀር ናት። በልጅነቷ ካልታከመች ሳንባዋ እየተጎዳ ያድጋል፤ በጊዜ ከታከመች ከማንም ልጅ እኩል ትሮጣለች አለችኝ። እውነቷን ነው። ከመስከረም እስከ ገና አንድ ሌሊት አላሳላትም።

ለገና አያቶቿን ትይ ብዬ አመጣኋት። ሥራዬ ስለማይለቀኝ ተመለስኩ። ስመለስ ሁለቱን መድኃኒቶችና ቂጡ የተበሳውን የሃይላንድ ጠርሙስ በእጅዎ አስረከብኩ። ቡናማዋ እስከ ጥምቀት የሚበቃት ቀርቷት ነበር። እንዴት እንደሚነቀነቅ፣ ጠርሙሱ ቂጥ ላይ እንዴት እንደሚሰካ፣ ትርሲት በአፉ በኩል አሥር ጊዜ እንደምትተነፍስ አሳየሁዎ። እርስዎ ራስዎ በአዊኛ ቆጠራ አስተማሯት። በከተራ ዕለት ሳዝላት «በየቀኑ ሰጥቻለሁ» አሉኝ፤ ታዲያ ልጄ ለምን እንደዚያ ሆነች?

ዓርብ ዕለት በፈረሰኞቹ በዓል፣ ትርሲት ትከሻዬ ላይ ሆና «አባባ!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ዞረ። እርስዎ በነጩ ፈረስዎ ላይ ሆነው አለፉ እንጂ አልዞሩም።

ትርሲት ከእንግዲህ በዚያ ቤት አታድርም። ይህን በመጻፌ ይቅርታ አልጠይቅም። ሌላ ያጠፋሁት ካለ ግን ይቅር ይበሉኝ።

የልጅዎ ሚስት
ማናለብሽ


ፋግታ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ሚስት ለማናለብሽ፣

ሰላምታዬ ለከሰል ከተከልኩት ከደጄ የዲከረንስ ዛፍ ቅጠል ይብዛልሽ። እኛ ደህና ነን። ያለምወርቅ ወገቧ ተሽሏታል፤ ምላሷ ግን አንቺ ከሄድሽ ወዲህ በእኔ ላይ በርትቷል።

እኔ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ በአሥራ ስምንት ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ። አንቺ አሥረኛ ክፍል ደርሰሽ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩ፤ ገብቶኛል። ያልገባኝ ድፍረትሽ ነው። አማቷን እንደ ወረዳ ጸሐፊ በቀንና በቁጥር የምትከስ ምራት በእኛ ወገን አልታየችም።

ስለ ፈረሰኞቹ በዓል፦ ሰምቻታለሁ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ስለ መድኃኒቱ፦ ሰጥቻለሁ። ይዘሽው የሄድሽውን ቆርቆሮ አንሺና ነቅንቂው። ባዶ ነው። ውሃ አይደል በፀሐይ አይደርቅ። ታዲያ የት ገባ?

ከሰሉን ጠላት አደረግሽው። ባልሽን አበረን ያሳደገው ከሰል ነው፤ ጃዊ ወርዶ ትራክተር ለመንዳት መንጃ ፈቃድ ያወጣውም በከሰል ነው። እኔ ራሴ ከልጅነቴ ክረምት በገባ ቁጥር ደረቴ ያፏጫል። ማን ጠርሙስ በሳልኝ? ማን ነፋልኝ? ይኸው ስልሳ አራት ዓመቴ ነው፣ በፈረስ እጋልባለሁ። የእኛ ቤት ትንፋሽ እንዲህ ነው፤ ሲያድጉ ይተዋል። በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ግን ልጅቱን ሱስ ያስይዛታል። ነገ ያለ እሱ መተንፈስ አቅቷት ማን ያገባታል? አምስት ዓመቷ ነው ትይኝ ይሆናል። ጊዜው ይሮጣል።

ነገሩን ከሥሩ የሚነቅል ሰው አግኝቻለሁ። የግምጃ ቤት ከተማው እንጥል ቆራጭ በዐቢይ ጾም ሦስተኛ ሳምንት ወደዚህ ይመጣል። እጁ ቀላል ነው ይሉታል። እንጥሏ ወርዶ ጉሮሮዋን ስለዘጋው ነው እንጂ ሌላ በሽታ የለባትም ብሎኛል፣ ሳያያት። አበረም ከጃዊ «አባቴ ያለው ይሁን» ብሎ ልኳል።

በሰላም ነይ ስልሽ ካልመጣሽ ሽማግሌ እልካለሁ። ሽማግሌ ደግሞ እንደማይመለስ ታውቂያለሽ።

ልጅቱን ሳሚልኝ።

ይኸነው


እንጅባራ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ትርሲትን ስሜልዎታለሁ። «በየትኛው ጉንጬ?» አለችኝ፤ በሁለቱም አልኳት።

ቆርቆሮውን ነቀነቅኩት። ልክ ነዎት፣ ባዶ ነው። እንቅልፍ የነሳኝም ይኸው ባዶነቱ ነው። የሆነውን ልንገርዎ።

ከሆስፒታል ስንወጣ ሲስተር እመቤት «ቡናማዋ በየቀኑ ተሰጥታለች?» ብላ ጠየቀችኝ። አያቷ ሰጥቻለሁ ብለዋል አልኳት። ቆርቆሮውን ተቀብላ ነቀነቀች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «በትክክል ወስዳ እንዲህ ከታመመች መድኃኒቱ አልያዘላትም ማለት ነው። ሳትወስድ ቀርታ ከሆነ ግን መድኃኒቱ ጥፋት የለበትም፤ በእሱ እንቀጥላለን።» አዲስ ቡናማ ሰጥታ ለመጋቢት 10 ቀጠረችን። ያን ዕለት እውነቱን ይዤላት ካልሄድኩ፣ አልያዘላትም ብላ ወደ ጠንካራው ክኒን ልታሻግራት ነው። ያ ክኒን ብዙ ጊዜ ሲወሰድ የልጅን ዕድገት ይጎዳል። «ዋሽተውም ከሆነ አትቆጪያቸው፤ ብቻ እውነቱን አምጪልኝ» አለችኝ።

ስለዚህ አባቴ፣ የምጠይቅዎ ለክስ አይደለም። «ሰጥቻለሁ» የሚለው ቃልዎ የልጄ መድኃኒት ማዘዣ ሆኗል።

ደግሞ ይህንን ለማንም አልተናገርኩትም፤ ለእርስዎ ልናገር። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ጠርሙሱን ይዤ መድኃኒቱን ሳልሰካ ቆየሁ። አያቷ በየቀኑ ሰጥተዋት እንዲህ ከሆነች፣ እኔስ ምን እያደረግኩ ነው አልኩ። ትርሲት አፏን ከፍታ ትጠብቀኛለች። ያን ቀን እርስዎን ጠላሁዎ። ነፋሁላት፤ ግን በጥርጣሬ ነፋሁላት።

የግምጃ ቤቱን ሰው በተመለከተ አጭር መልስ አለኝ። የልጄን ጉሮሮ የሚነካ ምላጭ በእኔ ላይ አልፎ ነው። የአስም በሽታ እንጥል ላይ አይደለም ያለው፣ ደረት ውስጥ ነው። ይህን ለእሱም ይንገሩልኝ፤ ካላመነ እንጅባራ ይምጣና ሲስተር ታስረዳው።

ለአበረም ጽፌለታለሁ። «ያንተን ልጅ አባትህ አልወለዳትም» ብዬዋለሁ። እስካሁን አልመለሰልኝም፤ ይመልሳል።

እርስዎ አልሞትኩም ይላሉ። እውነት ነው፣ አልሞቱም። ግን ከወንዙ እስከ ደጅዎ ያለውን ዳገት ሦስት ጊዜ ሳይቀመጡ አይወጡም፣ ሲቀመጡም ዛፍ የሚያዩ ያስመስላሉ። ለትርሲት ይህን አልመኝም። ለእርስዎም አልመኝም።

ሽማግሌ ይላኩ። ቤቴ ጠባብ ነው፣ ሁለት ሰው ግን ያስቀምጣል።

ማናለብሽ


እንጅባራ፣ መጋቢት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፣

እንደምን ከረሙ? ጾሙን እንዴት ያዙት? የላኳቸው ሽማግሌዎች ትናንት መጥተው ሄደዋል። አቶ ክንዴና አቶ ምህረቴ የነገሩዎትን ሰምተዋል፤ አሁን ደግሞ ከእኔ ይስሙ፤ አቶ ምህረቴ ሲያወሩ ትንሽ ይጨምራሉ።

በክብር ተቀበልኳቸው። ያለኝን የጾም ምግብ አቀረብኩ። አቶ ክንዴ ባለንበት ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ አጥሯቸው ነበርና ትርሲት አጠገባቸው ቁጭ ብላ ጠርሙሷን አመጣችላቸው። «ነቅንቀው፣ ይሰኩ፣ ከዚያ ይቁጠሩ» እያለች አሠለጠነቻቸው። ሳቅኩ፤ መድኃኒቱን ግን ቀማኋት፣ ያለ ምርመራ ለማንም አይሰጥም ብዬ። አቶ ክንዴ ዛሬ ጠዋት ብቻቸውን ተመልሰው መጥተው እዚህ ጤና ጣቢያ ሄደዋል። ለማንም እንዳልናገር አስጠንቅቀውኛል፤ እርስዎ ግን «ማንም» አይደሉም።

ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባን። «ልጄ፣ ባልሽ በሌለበት የአማትሽን ቤት ጥለሽ መቀመጥሽ አያምርም፤ ተመለሺ» አሉኝ። ሽማግሌ አልመልስም አልኳቸው። እንደ ወጉ የምትፈልጊውን ተናገሪ፣ ዋስም ጥሪ አሉኝ። እኔም ዋስ ጠራሁ። እርስዎን ጠራሁ።

አቶ ምህረቴ ከት ብለው ሳቁ። «አኩርፈሽው የወጣሽውን ሰው ዋስ ትጠሪያለሽ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። አቶ ይኸነው ለሰው ዋስ ቆመው ቃላቸውን ያጠፉበት ቀን በፋግታ ካለ ንገሩኝ አልኩ።  አንድም ሊያነሱ አልቻሉም። እኔም ሰምቼ አላውቅም። ሰዉ በሬ ሲሸጥ፣ ልጁን ሲድር፣ መሬት ሲከራይ እርስዎን ዋስ የሚጠራው በከንቱ አይደለም።

ስለዚህ ያልኩት ይህ ነው። «ትርሲት በእጄ በነበረችባቸው ቀናት ቡናማዋን መድኃኒት ጠዋትና ማታ ሳላጓድል ሰጥቻለሁ» ለሚለው ቃል ዋስ ይሁኑ። በደብዳቤ «ዋስ ነኝ» ብለው ከጻፉልኝ አምናለሁ። መጋቢት 10 ለሲስተር እመቤት መድኃኒቱ አልያዘላትም እላታለሁ፣ ክኒኑን እቀበላለሁ፣ በማግስቱ ዕቃዬን ጭኜ ልጄን ይዤ ቤትዎ እገባለሁ። ሽማግሌዎቹ ምስክር ናቸው። አላታልልዎትም፤ እንዳልኩት አደርጋለሁ።

ዋስ የማይሆኑ ከሆነ ደግሞ ምን እንደሆነ ይጻፉልኝ። አሥር ቀን አልቀረንም።

 ይህን የምጽፈው በእልህም ነው፣ በፍርሃትም ነው።

ማናለብሽ


ፋግታ፣ መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማናለብሽ፣

ሰላምታ ብዙ አላበዛም። ሦስት ቀን ወረቀት ይዤ ተቀምጬ ነበር። ያለምወርቅ «ወይ ጻፍ ወይ ወረቀቱን ተው» ብላኛለች።

ሁለት ቃል ብጽፍ አንቺም ልጅቱም ቤቴ ነበራችሁ። ዓለምነው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ዋስ አልሆንም።

ያሸነፍሽኝ እንዳይመስልሽ። ስልሳ አራት ዓመት የቆመ ስሜን በገዛ እጄ አላፈርሰውም ብዬ ነው። ደግሞ ያንን ክኒን ትርሲት በእኔ ቃል ስትውጠው ታየኝ። እንግዲህ የሆነውን ስሚ። ከአንድ ጊዜ በላይ አልጽፈውም።

የገና ዕለትና በማግስቱ እንዳሳየሽኝ ሰጠኋት። በሦስተኛው ቀን ትርሲት ከውሻው ጋር እየተባረረች ሳያት፣ ይህች ልጅ ምን ሆነች ብዬ ነው መድኃኒት የማፈስባት አልኩ። እኔ ገበሬ ነኝ፤ እህል ከጠገብኩ ወዲያ አልበላም፣ ለቀኑ አስቀምጣለሁ። መድኃኒቱንም ለክፉ ቀን ብዬ በኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። አሥር ቀን ከእኔ ጋር ከሰል ክምር ዞረ። ልጅቷ ማታ ማታ መሳል ጀመረች፤ አሁንም ይህ ክፉ ቀን አይደለም፣ ትንሽ ይቆይ አልኩ። ያለምወርቅ ጠየቀችኝ፤ ሰጥቻለሁ አልኳት። የመጀመሪያዋ ውሸት ያቺ ናት።

የከተራ ጠዋት ክፉው ቀን መጣ። ከኪሴ አወጣሁት። ሁለቴ ነፋሁላት፤ ለውጥ የለም። አሥር ጊዜ ነፋሁ። «አባባ፣ አልገባም» አለችኝ። ቆርቆሮው ባዶ እስኪሆን ድረስ ነፋሁላት። አንቺ ደጋግመሽ አደራ ያልሽኝ ቡናማዋን ስለነበር፣ ብርቱዋ እሷ ናት ብዬ ነበር። ሰማያዊዋን ከከረጢቷ አላወጣኋትም፤ ለቀላል ጉንፋን መሰለችኝ። ከዚያ አንቺ ገባሽና በሰማያዊዋ ሁለት ጊዜ ነፍተሽ ልጅቱ ዓይኗን ስትገልጥ አየሁ።  አንቺ ልጅሽን አዝለሽ ስትወጪ እኔ በረት ገብቼ አለቀስኩ። ይህንንም ለማንም አልነገርኩም።

ስለዚህ «ሰጥቻለሁ» ያልኩት ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፤ እውነትም ግን አይደለም። ይህን ደብዳቤ ለሲስተሯ ውሰጂላት። መድኃኒቱ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ስሜን ሸፍኜ አልጻፍኩም፤ እሷም ሸፍና አታንብብ።

በፈረሰኞቹ ዕለት ያልዞርኩት ዓይኗን ማየት ስላልቻልኩ ነው።

የግምጃ ቤቱ ሰው ማክሰኞ ምላጩን ይዞ መጥቶ ነበር። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ልጅ ሳታይ በሽታ የምታውቅ ከሆነ የእኔንስ በሽታ ንገረኝ አልኩት። እንጥል ነው አለኝ። እንጥሌን ገና በጡት ሳለሁ አያትህ ቆርጦታል፣ ይኸው ደረቴ ዛሬም ያፏጫል አልኩትና አፌን ከፍቼ አሳየሁት። ሰዉ ሳቀ። እሱ ተቆጥቶ ሄደ። ምህረቴ አሁን «ይኸነው በምራቱ የሚተዳደር» እያለ በየጠላ ቤቱ ያወራል። ያውራ። ሲበቃው ይተዋል።

ለአንቺ ይቅርታ ለማለት አንደበቴ ገና አልተፈታም። ለእሷ ግን ንገሪልኝ፣ ማለት የምትችይበትን ቃል አንቺ ታውቂያለሽ።

ይኸነው


እንጅባራ፣ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፣

እንኳን ጻፉልኝ። ደብዳቤዎን ዓለምነው ሲያቀብለኝ ወዲያው አልከፈትኩትም። የደንበኛ ዩኒፎርም ስፌት ጨርሼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ከዚያ አነበብኩት። «ዋስ አልሆንም» የሚለው ላይ ስደርስ ስፌት ቤቱ ውስጥ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ግን አለቀስኩ። ጠልቼዎት ነበር ብዬ ጽፌ ነበር። አሁን አልጠላዎትም።

ትናንት ለሲስተር እመቤት ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ብዙ ሰው እንደዚህ ያደርጋል፣ እንደዚህ የሚጽፍ ግን አላጋጠመኝም» አለች። ትርሲት ደረቷን ታየች፤ ጥርት ብሏል። ክኒን የለም። ቡናማዋ ትቀጥላለች፣ ጠዋትና ማታ፣ ደህና ስትሆንም። ከሦስት ወር በኋላ ታይተን መጠኑ ሊቀነስላት ይችላል። ሱስ አያስይዝም፤ ይህንን ለእርስዎ እንድጽፍ በተለይ አዘዘችኝ። ስለ እርስዎ ደረትም ጠይቃለች። እኔ መልስ የለኝም፤ እርስዎ ራስዎ መጥተው ይመልሱላት።

አበረም መለሰልኝ። ደብዳቤው አንድ መስመር ነው፤ «አንቺ ያልሽው ይሁን» ይላል። እሱ ሁልጊዜ ሰው ያለው ይሁን ነው፤ ሲመጣ እኔና እርስዎ አንድ ላይ እንመክረዋለን።

አሁን የእኔን ይስሙኝ። አልመለስም። ቃሌ ዋስ ከሆኑ እገባለሁ ነበር፤ ዋስ አልሆኑም፣ ስለዚህ አልገባም። ትርሲት መስከረም ላይ እዚህ ትምህርት ቤት ትገባለች። ከሰልዎን ይተዉ አልልዎትም፣ እንጀራዎ ነው። ግን ጭሱ ባለበት ልጄ አታድርም። ለዚህ ሽማግሌ ቢልኩ ምግብ አቀርብላቸዋለሁ እንጂ ሐሳቤን አልቀይርም።

ይቅርታዎን አላደረስኩላትም። የእርስዎን ይቅርታ በእኔ አፍ አልናገርም። ከአዲስ ቅዳም እንጅባራ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት ነው፤ በዚህ ግማሽ ሰዓት ላይ ወር ተኩል ደብዳቤ ተጻጽፈናል። ይምጡ። እሑድ ይምጡ። ኮትዎ ከሰል ስለሚሸት በር ላይ ያውልቁት፤ የአበረን ሹራብ አጥቤ አዘጋጅቼልዎታለሁ።

የማታዋ መድኃኒት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ናት። ከዚያ በፊት ይድረሱ። ጠርሙሱን የሚይዙላት እርስዎ ነዎት።

ልጅዎ
ማናለብሽ